ቪትዝ ላይ ሁለት ባለ 12 ኢንች ሰብዉፈር፦ ላስገጥም ወይስ ልተወው?

ቪትዝ ከኮዬ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ቤተሰብ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሥራዬ ሜክሲኮ። ደርሶ መልስ በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሲብስ ሦስት ሰዓት መኪና ውስጥ ነኝ። ሙዚቃ ከሌለ መሪ ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል።

መኪናዬ ቪትዝ ናት። ቴፑን አምና በአንድሮይድ ቀይሬዋለሁ። የድሮው ለጃፓን የተሠራ ስለነበር ራዲዮው 90 ላይ ሲደርስ ያቆማል፤ የእኛ ጣቢያዎች ደግሞ አብዛኞቹ ከዚያ በላይ ናቸው። ስፒከሮቹ ግን ከፋብሪካ እንደወጡ ናቸው። ድምፅ አለ፣ ቤዝ የለም። ከበሮ ሲመታ ቆርቆሮ የተመታ ይመስላል።

ቅዳሜ መርካቶ ወጣሁ። አንድ ሱቅ ሁለት ባለ 12 ኢንች ሰብዉፈር (ቤዝ ብቻ የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር) ከነሳጥኑ፣ 3000 ዋት አምፕሊፋየር (ድምፁን የሚያጎላው፣ አምፕ የምንለው)፣ ገመዱንና ማስገጠሚያውን ጨምሮ 38 ሺህ ብር አሉኝ። ቀብድ ልከፍል እጄ ኪሴ ውስጥ እያለ ሚስቴ ደወለች። ነገርኳት። "የልጁን ጋሪ የት ልታደርገው ነው?" አለችኝ።

እጄን ከኪሴ አወጣሁ። አሁን እናንተን ልጠይቅ፦ ልግዛ ወይስ ልተወው?

ባስ ነፍሴ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡52

ይሄ ጥያቄ ነው? ግዛ! ጋሪው የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። እኔ ኮሮላዬ ላይ ሁለት ባለ 12 አለኝ። ለገጣፎ መታጠፊያው ጋ ስደርስ እናቴ ቤት ሆና ሰምታ በር ትከፍትልኛለች። ክላክስ መንፋት ትቻለሁ።

የዲናሞ ሐኪም
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

ቀብዱን አለመክፈልህ ጥሩ አደረግህ። ባለቤትህን ከእኔ ሰላም በልልኝ።

አቃቂ አካባቢ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ሰው "ዲናሞዬ ተበላሸ" ብሎ ይመጣል። አየዋለሁ፣ ዲናሞው ደህና ነው። የተበላሸው ሒሳቡ ነው።

ካርቶን ላይ የተጻፈውን ዋት እርሳው። አምፑን ገልብጥና ፊውዙን እይ። ባለ 30 አንድ ፊውዝ ብቻ አለው እንበል። 30 አምፒር በ13.8 ቮልት ስታባዛው 414 ዋት ነው። ይሄ ከባትሪ የሚገባው ነው፤ የሚወጣው ያንሳል። ክላስ ኤቢ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ከገባው ግማሹን ወይም ትንሽ ከፍ ያለውን ብቻ ነው ለሰብዉፈሩ የሚሰጠው። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ክላስ ዲ ከሆነ ከመቶ 80 አካባቢ ይሰጥሃል። ስለዚህ ያ "3000" ቢበዛ 330፣ ምናልባትም 230 ዋት ነው።

አይ እውነት 3000 ነው ካሉህ ደግሞ ይባስ። ክላስ ዲም ቢሆን 3000 ዋት ለማውጣት ከ270 አምፒር በላይ ይጠባል። ያን የሚያመርት ዲናሞ በቪትዝ ኮፈን ሥር አታገኝም።

ቁጥር ስታይ "አርኤምኤስ" የሚለውን ፈልግ። ሳይቋረጥ የሚሰጠው ጉልበት እሱ ነው። "ማክስ" እና "ፒክ" የሚለው ለካርቶኑ ጌጥ ነው። ሲኢኤ-2006 የሚል ምልክት ያለበት ካገኘህ ደግሞ ተመስገን በል፤ 14.4 ቮልት ላይ፣ በ4 ኦም፣ የድምፁ መዛባት ከ1 በመቶ ሳያልፍ የተለካ ማለት ነው።

ነገ ሦስት ነገር አይተህ ንገረን። ዲናሞው ላይ የተለጠፈው አምፒር፣ መኪናው ጠፍቶ የባትሪው ቮልት፣ ሞተር ተነስቶ መብራትና ኤሲ በርቶ የባትሪው ቮልት። ቴስተር ከሌለህ ሰፈር ያለ ኤሌክትሪሺያን በአንድ ደቂቃ ይለካልሃል።

ባስ ነፍሴ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡21

ጋሼ ከይቅርታ ጋር፣ ይሄ ሁሉ ሒሳብ ሙዚቃ ለመስማት ነው? የእኔ ሁለት ዓመት ሠርቷል።

የዲናሞ ሐኪም
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡24

ማታ ስትነዳ መብራትህስ?

ባስ ነፍሴ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

ትንሽ ከቤዙ ጋር ይጨፍራል።

የዲናሞ ሐኪም
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

በሁለት ዓመት ስንት ባትሪ ቀየርክ?

ባስ ነፍሴ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ሁለት።

ባለሱቋ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡05

እኔ ነጋዴ ነኝ። ሁሉ ነጋዴ አታላይ እንዳይመስላችሁ ነው የገባሁት።

ደንበኛ ሲገባ የመጀመሪያ ጥያቄው "ስንት ዋት ነው?" ነው። እውነተኛ 400 ዋት የሚያወጣ አምፕ አውጥቼ ሳሳየው ይስቅብኛል። ከጎን ያለው ሱቅ 4000 የተለጠፈበት በግማሽ ዋጋ አለ። ሄዶ እሱን ይገዛል። ከወር በኋላ ተቃጥሎ፣ ሸትቶ፣ በፌስታል ጠቅልሎ ወደ እኔ ይዞት ይመጣል። "እህቴ፣ የሚጠግን ሰው ታውቂያለሽ?" እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? የሁለታችንም ነው መሰለኝ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ቪትዝ ጓዳዋ ትንሽ ናት። ትንሽ መኪና ውስጥ ቤዝ በቀላሉ ይሞላል። ሁለት ባለ 12 ለሷ ከጤፍ ጆንያ ላይ ዝሆን እንደማስቀመጥ ነው። አንድ ጥሩ ባለ 10 በዝግ ሳጥን ይበቃሃል። ጋሪውም ይገባል። ቦታ ጨርሶ ከሌለህ ከወንበር ሥር የሚገባው፣ አምፑ አብሮት የተሠራው ቀጭኑ አለ። ከበሮውን ያስተካክልልሃል፤ ደረት ግን አይመታም። ከእሱ ተአምር አትጠብቅ።

ዕቃ ስትገዛ ሰብዉፈሩን አንሳውና ክብደቱን ስማው። ጀርባው ትልቅ ማግኔት የሚመስል፣ ሲነሳ ግን ቅል የሆነ አለ፤ የፕላስቲክ ክዳን ነው ያሳበጠው። ታዋቂ ስም ስለተለጠፈበት ብቻ አትመን። ስሙን ማተም ቀላል ነው።

ገመድ ላይ ደግሞ ምላጭ ይዘህ ሂድ። የሽቦውን ጫፍ ፋቀው። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ከገዛኸውም አንድ ደረጃ አወፍረህ ግዛ፣ እንደ መዳብ አይሸከምም። ጌጅ የሚሉት ቁጥር ሲያንስ ገመዱ ይወፍራል፣ እንዳትሸወድ። ላስቲኩ ወፍሮ ሽቦው የቀጠነም ሞልቷል።

አባዱላ ሹፌር
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡30

እኔ የማወራው ስለ ፊውዝ ብቻ ነው፤ ሌላውን ለባለሙያ።

አምና መኪናዬ ላይ አምፕ አስገጠምኩ። የገጠመው ልጅ ገመዱን ከባትሪው አውጥቶ ላሜራውን በስቶ በቀጥታ ወደ ኋላ ወሰደው። ባትሪው ጋ ፊውዝ የለም። ቀዳዳው ላይ ጎሚኒ አልገባም። አራት ወር በሰላም ሠራ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ከቱሉ ዲምቱ ሞልቼ ስመጣ ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ ጭስ ሸተተኝ። ተሳፋሪ "ላስቲክ ነው፣ ውጭ የሚቃጠል ቆሻሻ ነው" እያለ ሲከራከር ጭሱ ከእግሬ ሥር ወጣ።

ሰው አራግፌ፣ ተነስቼ፣ ቁልፍ ስፈልግ እጄ ይንቀጠቀጣል። አንድ ጎማ የሚለጥፍ ልጅ በ10 ቁልፍ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታልኝ። እግዜር ይስጠው። ላሜራው እየተንቀጠቀጠ የገመዱን ላስቲክ በልቶት ነው። ፊውዝ ቢኖር ጠብ ብሎ ይቆረጥ ነበር። አምፑ ላይ ያለው ፊውዝ አምፑን ነው የሚጠብቀው፤ በመሀል ያለውን ገመድ የሚጠብቀው ባትሪው ጋ ያለው ነው። ለዚህም ነው ቅርብ የሚሆነው።

የዲናሞ ሐኪም
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡10

ወርቅ የሆነ ምስክርነት። ከባትሪው 45 ሳንቲሜትር ሳይርቅ ይግባ። ላሜራ በሚያልፍበት ሁሉ ጎሚኒ። ለኔጌቲቩ ደግሞ አጭር ገመድ፣ ከግማሽ ሜትር ያልበለጠ፤ ቦዲው ላይ ቀለሙ እስኪያብረቀርቅ ተፍቆ በቡሎን ይታሰር። በቀለም ላይ ያሰሩት ኔጌቲቭ የጩኸት ሁሉ እናት ነው። ነዳጅ ስትሰጥ አብሮ የሚያፏጭ ድምፅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ጊዜ ምንጩ እዚያ ነው። ወይም ከቴፑ የሚሄደው የድምፅ ገመድ ከባትሪው ገመድ ጋር አብሮ ተጠቅልሏል። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ይሂድ።

ቲቸር ከአያት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

የፊዚክስ መምህር ነኝ፣ የመኪና ሰው አይደለሁም። ግን ስለ ሳጥኑ ማንም ያላነሳው ነገር አለ። እኛ የምንኖረው ከባሕር ወለል 2300 ሜትር በላይ ነው። እዚህ የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው።

ዝግ ሳጥን ውስጥ ያለው አየር እንደ ሞላ ነው። ሰብዉፈሩ ሲገባና ሲወጣ የሚገፋው እሱ ነው። ግፊቱ ሲቀንስ ሞላው ይለሰልሳል። 20 ሊትር ሳጥን እዚህ ስትሠራ፣ ሞላው ባሕር ዳርቻ ላይ እንዳለ 26 ወይም 27 ሊትር ሳጥን ሆኖ ነው የሚሠራው። ስለዚህ አምራቹ "ከዚህ እስከዚህ ሊትር" ብሎ ከሰጠህ ዝቅተኛውን ብትይዝ አትጎዳም። አዳማ ስትወርድ ትንሽ ይጠነክራል፣ አዋሽ ስትደርስ የበለጠ።

ቀዳዳ ያለው ሳጥንስ? የቀዳዳው ማስተካከያ በድምፅ ፍጥነት ላይ ነው የሚመሠረተው። የድምፅ ፍጥነት ደግሞ በሙቀት እንጂ በግፊት አይለወጥም። ስለዚህ ቀዳዳው በከፍታ ምክንያት አይዛባም።

ሁለተኛ፣ ቀጭን አየር ሙቀት በደንብ አይወስድም። አምፑን ምንጣፍ ሥር የሚቀብሩት ሰዎች እዚህ አገር ላይ በእጥፍ ተሳስተዋል።

ባስ ነፍሴ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡03

ቲቸር፣ የእኔ ምንጣፍ ሥር ነው።

ቲቸር ከአያት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡04

ዛሬ ማታ አውጣው።

ብሎክ ጎረቤት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

ስለ ዋት አላውቅም። እኔ የማውቀው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ከብሎካችን ሥር የሚቆመውን መኪና ነው። ዘፈኑ አይሰማኝም፣ ቃሉም አይሰማኝም። ዱብ ዱብ ብቻ። ግድግዳውን አልፎ፣ ትራሴን አልፎ ጥርሴ ውስጥ ይገባል። ከዚያ የሌሎች መኪኖች አላርም ይጀምራል። ከዚያ ውሾቹ።

በመኖሪያ ሰፈር የተፈቀደው ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ግዙ፣ አልከለክልም። ግን ግቢ ስትገቡ ቀንሱት። ልጆች አሉ።

ቪትዝ ከኮዬ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡31

ጎረቤቴ፣ ያ መኪና የእኔ አይደለም፤ እኔ ገና ሳጥን እንኳ የለኝም! ግን ሰምቻለሁ።

ባለ ኤሌክትሪክ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ክሩን ላቋርጥ ይቅርታ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ብዙዎቻችን ኤሌክትሪክ ይዘናል። የእኛስ?

የዲናሞ ሐኪም
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡35

ዲናሞ የለህም። ትንሿን 12 ቮልት ባትሪ የሚሞላት ከትልቁ ባትሪ የሚቀንስ መሣሪያ ነው። አምፑ የሚገናኘው ከትንሿ ጋር ብቻ ነው። ብርቱካናማ ቀለም ያለው ገመድ ካየህ እጅህን ሰብስብ፤ ከፍተኛ ቮልት ነው፣ ይገድላል። ዋስትናው ካላለቀ ደግሞ መጀመሪያ የሸጡልህን ጠይቅ። ሌላውን በሌላ ክር እናውራ።

ቪትዝ ከኮዬ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡15

ለክቼ መጣሁ። ጠፍታ 12.5። ተነስታ 14.1። መብራት፣ ኤሲ፣ ዝናብ መጥረጊያ ሁሉ በርቶ 13.4። የዲናሞው ጽሑፍ በቅባት ተሸፍኖ አላነበብኩትም፣ ቅዳሜ አሳጥበዋለሁ። ሱቁም ተመልሼ ነበር። አምፑን ገልብጥልኝ ስለው ሰውዬው ፊቱን ገለበጠብኝ። ባለ 30 አንድ ፊውዝ ነው፣ ጋሼ እንዳሉት።

ስለዚህ አንድ ባለ 10 ልይዝ ነው። ያገኘሁት "ሁለት ኮይል፣ እያንዳንዱ 4 ኦም፣ 350 አርኤምኤስ" ይላል። ኦም ላይ ነው የጠፋሁት።

የዲናሞ ሐኪም
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡00

ቮልትህ ለአንዲት ትንሽ ሥርዓት በቂ ነው።

ኦም ማለት ሰብዉፈሩ ለአምፑ የሚያሳየው እንቅፋት ነው። ሲያንስ አምፑ ብዙ ይለቃል፣ ብዙም ይሞቃል። ሁለቱን ኮይል (ሰብዉፈሩን የሚያንቀሳቅሱት የሽቦ ጥቅልሎች ናቸው) ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ካሰርክ 2 ኦም ታገኛለህ። አንዱን ከአንዱ ጭራ ካያያዝክ 8 ኦም። ባለ 4 ኦም ሁለት ኮይል ከ2 እና ከ8 ሌላ አይሰጥህም። "በ4 አስረዋለሁ" የሚልህ ሰው ወይ አንዱን ኮይል ሊተወው ነው፣ ወይ አያውቅም።

ስለዚህ 2 ኦም ላይ 350 ዋት አርኤምኤስ የሚሰጥ ክላስ ዲ ሞኖ (አንድ መውጫ ብቻ ያለው) አምፕ ፈልግ። ሙሉ ሲጮህ 32 አምፒር ያህል ይወስዳል። ሙዚቃ ደግሞ ሁልጊዜ ሙሉ አይጮህም። ባለ 40 ፊውዝ፣ 4 ጌጅ የመዳብ ገመድ። ካፓሲተር (ለቅጽበት ብቻ ኃይል የሚያጠራቅም ዕቃ) ግዛ ካሉህ ገንዘቡን ለገመዱ ጨምርበት። ካፓሲተር መብራት አያመነጭም።

ሁለት ቻናል አምፕ ይዘህ ሁለቱን መውጫ አዳብለህ ልታስር ካሰብክ ግን ተጠንቀቅ። ሲዳበል እያንዳንዱ ቻናል የሚያየው ኦም ግማሹን ነው። ብዙዎቹ ተዳብለው ከ4 ኦም በታች አይችሉም። 2 ኦም ሰጥተህ ካቃጠልከው ዋስትናም የለህ።

ባለሱቋ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡20

ሳጥኑን ከቺፑድ እንዳታሠራ። ውሃ ሲነካው እንደ ዳቦ ያብጣል። 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ ወይም ጥሩ ኮምፔርሳቶ። መጋጠሚያው በኮላ፣ ከውስጥ በሲሊኮን ይደፈን። ሲሊኮኑ ሳይደርቅ ሰብዉፈሩን እንዳትገጥም፣ ሽታው ለላስቲኩ ጥሩ አይደለም።

ባስ ነፍሴ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡34

ዝግ ሳጥን ካልክ ግን ጩኸት እንደምታጣ እወቅ። ቀዳዳ ያለው በተመሳሳይ ዋት ዝቅተኛውን ቤዝ የበለጠ ያወጣል። ይሄን እውነት ማንም አልነገረህም።

ባለሱቋ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡41

እውነቱን ነው። ግን ሳጥኑ ትልቅ ይሆናል፣ ቀዳዳውም በልክ መሠራት አለበት። በግምት የተበሳ ሳጥን አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ የጉራጌውን ፈጣን ምት አንድ ላይ አቡክቶ "ቡምምም" ይልሃል። ሬጌ ብቻ የምትሰማ ከሆነ ያስኬድ ይሆናል።

ቪትዝ ከኮዬ
እሑድ፣ ከቀኑ 10፡20 (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

ተገጠመ!

ዲናሞው ታጥቦ 80 የሚል ወጣበት፤ ጋሼ ደውዬ ስነግራቸው "ይበቃሃል" አሉኝ። ሳጥኑን ሰፈር ያለ አናጢ ሠራው። ውስጡ 40 በ30 በ17 ሳንቲሜትር፣ 20 ሊትር ገደማ። "የምን ሳጥን ነው፣ ለዶሮ ነው?" ሲለኝ ነበር። ሰብዉፈሩ የሚገባበትን ክብ ቀዳዳ ሲበሳ ደግሞ "ዶሮዋ ወፍራም ናት" አለ።

ገመዱን በምላጭ ፋቅኩት፤ ሦስተኛው ሱቅ ላይ ነው ቀይ ያገኘሁት። የአምፑን ጌይን (አምፑን ከቴፑ ከሚመጣው ድምፅ ጋር የሚያመጣጥነውን ቁልፍ) ጋሼ በነገሩኝ መንገድ አስተካከልኩ። ሰብዉፈሩን ፈትቼ፣ ቴፑን 40 ከሚደርሰው 30 ላይ አድርጌ፣ የ50 ኸርዝ ድምፅ ከፍቼ፣ በቴስተር የአምፑ መውጫ 26.5 ቮልት እስኪል ብቻ አዞርኩት። 350 ዋት ሲባዛ በ2 ኦም፣ ከዚያ ስኩዌር ሩቱ። ጌይን የድምፅ መጨመሪያ አይደለም የሚባለው አሁን ነው የገባኝ። ዝቅ ያለውን ብቻ የሚያሳልፈውን ፊልተር 80 ኸርዝ ላይ አደረግሁት።

ከበሮው ከበሮ ሆነ። በትዝታ ቅኝት የተሠራ አንድ የድሮ ዘፈን ከፈትኩ፤ ቤዝ ጊታር እንዳለበት እስከዛሬ አላውቅም ነበር። ጎሮ ድረስ ሦስቴ ደጋገምኩት። ጋሪውም ከሳጥኑ ጎን ቁጭ ብሏል።

አንድ ችግር ብቻ። የኋላ ታርጋው በእያንዳንዱ ምት ይንጫጫል። ከውጭ ለሚሰማው ሰው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዝናብ የሚዘንብ ነው የሚመስለው።

ባስ ነፍሴ
እሑድ፣ ከቀኑ 10፡31

የእኔም እንደዚያ ነው፣ የቤዙ አካል መስሎኝ። በነገራችን ላይ አምፑን ከምንጣፍ ሥር አውጥቻለሁ። ምንጣፉ ቡናማ ሆኖ ነው ያገኘሁት።

የዲናሞ ሐኪም
እሑድ፣ ከቀኑ 11፡05

ታርጋውን ፍታና ከጀርባው ቀጭን ስፖንጅ አስገብተህ መልሰህ እሰረው። ገና ብዙ የሚንጫጫ ታገኛለህ፤ አንድ በአንድ ነው። ንዝረቱን ለማፈን ጣራ የሚለበጥበትን ሬንጅ ለጥፍ የሚሉህን አትስማ፣ ፀሐይ ሲመታው መኪናው ውስጥ አትቀመጥም።

ቪትዝ ከኮዬ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡12

ስፖንጁ ገብቷል፣ ታርጋው ዝም ብሏል። አሁን የተጠባባቂ ጎማው ክሪክ ነው የሚጮኸው። እሱን በአሮጌ ፎጣ ልጠቀልለው ወርጄ ነበር፤ ሚስቴ ከበረንዳ ሆና "የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጄን ያየ አለ?" እያለች ነው። ትንሽ ቆይቼ እገባለሁ።